በአባቴ ስም የቆመው ሰው

የእህቴ ልጅ ቤዛ ባሏ ወዳለበት አገር ልትሄድ ነው። አገሩ አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ሚስቱ ነኝ ስላለች ብቻ አያስገባትም። መጀመሪያ ቋንቋቸውን፣ ቀጥሎ አኗኗራቸውን ተፈትና ማለፍ አለባት፤ ፈተናውንም የምትወስደው ገና ከዚህ ሳትነሳ ነው። እናቷ ቤት ልጆች ስለሚንጫጩ፣ ሁለት ወር ሙሉ ኮልፌ እኔ ዘንድ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ ስልኳን ታቅፋ ስታጠና ሰነበተች።

ባለፈው ሐሙስ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ፣ «አክስቴ፣ ይቺን ስሚልኝ» አለችኝ። «የጎረቤትሽ ባል ሞተ። ምን ታደርጊያለሽ? አንደኛ፣ ሳትጠሪ ቤቷ ትሄጃለሽ። ሁለተኛ፣ የሐዘን ካርድ ትልኪያለሽ። ሦስተኛ፣ ፖሊስ ትጠሪያለሽ።»

«መልሱ የቱ ነው?»

«ካርዱ ነዋ።»

«ሳልጠራ ብሄድስ?»

«ትወድቂያለሽ!» አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። «ለለቅሶ ጥሪ የሚጠብቅ ሕዝብ! ይሄን አጥንተሽ ነው ሰው የምትሆኚው?» ብዬ ማማሰያውን ድስቱ ላይ ጣልኩት። ብዙ ተናገርኩ። ሽሮው እስኪያር ድረስ ተናገርኩ። የሌላውን አገር መናቅ ደስ ይላል፤ ምንም አያስከፍልም። ቆይቶ ግን፣ የጠቆረውን ድስት ስፈገፍግ፣ አፌ መረረኝ። እኛም አንድ ጊዜ ሰው ፈትነናል። ፈተናው ሲሰጥ እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

አብዶ ሳልህ የመናዊ ነበር። ሱቁ ከቤታችን አጥር ጋር የተያያዘ ነው። የላምባ፣ የቅመምና የቴምር ሽታ ተቀላቅሎ ገና ከፌርማታው ይቀበላችኋል። በሌለበት «አረቡ» ይሉታል፣ ፊት ለፊት «ጋሽ አብዶ»። ሚስቱ ከድጃ የስልጤ ልጅ ናት። ልጃቸው ዘይነባ እኩያዬና ጓደኛዬ ነበረች፤ ከአጠና ተራ በኩል ያለውን ጭቃ አብረን እየዘለልን ነው ትምህርት ቤት የተመላለስነው።

የሰፈራችን ዕድር ክርስቲያንና እስላም የተቀላቀለበት ነበር፤ ሰው በዚህ ይኮራ ነበር፣ ዛሬም ይኮራል። አብዶ ልመዝገብ ብሎ ሲጠይቅ ግን ጸሐፊው ጋሽ ደምሴ እምቢ አለ።

«ዕድር ለነዋሪ ነው። አንተ ነገ ትሄዳለህ።»

«የት እሄዳለሁ ጋሽ ደምሴ? ልጄ እዚህ ተወለደች፣ ሚስቴ እዚህ ናት።»

«አረብ መሄዱ መቼ ይቀራል? ለቅሶ መድረስ ግን አልከለከልንህም።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ብልሃት አገኘ። አባቴ ተሰማ ወልዴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቀብር በተጠራ ቁጥር «ፈረቃ አለብኝ» ይላል። አንዳንድ ቀን እውነትም ፈረቃ ነበረበት። አብዛኛውን ቀን አልጋው ላይ ነበር፤ ጭቃ አይወድም፣ ሬሳም ይፈራል። ዕድሩ ደግሞ ከቀብር በኋላ ስም ይጠራል። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛውን የሚያነሳ የለም። የሚተካው ወንድ ልጅ ያለው ልጁን ይልካል፤ ለአባቴ ያለነው ሴቶች ልጆች ብቻ ነን።

«ምን ቸገረህ» አለው አብዶን በአጥሩ ላይ። «በእኔ ስም ቁም። አንተም እኔም ያው ነን።»

አብዶም አመነው። ይህን ያህል ዓመት ካሰብኩበት በኋላ የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ «ያው ነን» ያለውን ቃል እንደ ምዝገባ ቆጠረው። ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ለክርስቲያን ሲሆን ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ጸሎቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ አካፋ ከሚቀበሉት መጀመሪያው እሱ ነው። አፈሩ ተመልሶ ሰው ሲሰበሰብ ደምሴ ከመዝገቡ ቀና ሳይል ይጠራል።

«ተሰማ ወልዴ!»

«አለሁ!» ይላል አብዶ፣ በዚያ ከጉሮሮ በሚወጣ ድምፁ።

ሰው ይስቃል፤ ለቅሶ ላይ ይሳቃል እኮ። «ተሰማ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ሽርጥ የጀመርከው?» ይለዋል አንዱ። «ተሰማ ዛሬ ጢም አብቅሎ መጣ!» ይላል ሌላው። አብዶም አብሮ ይስቃል። ደምሴ ራሱ ከንፈሩን እየነከሰ ምልክቱን ያደርጋል። ያላወቀ አልነበረም። ሁሉም ያውቅ ነበር።

የደምሴ እናት የሞቱት በነሐሴ ነው። ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያውን ወስዶት ነበር። ሬሳ የያዙት ሰዎች ዳር ላይ ቆመው ሲመካከሩ አብዶ ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸብ አደረገና የቃሬዛውን የፊት እጀታ ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ። ውሃው ደረቱ ድረስ ነበር። እኛ ሴቶቹ ከኋላ ሆነን እያየን ነበር። የዚያን ቀንም ስም ሲጠራ፣ ከልብሱ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ «አለሁ» አለ።

ቀበሌ የሚባለው ነገር ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ የውጭ ሰው ሱቅ መያዝ አይችልም ተባለ። አብዶ መቆየት ከፈለገ ዜግነት መጠየቅ፣ ለዚያም ከሰፈሩ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይመሰክርለታል፦ አማርኛ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል፣ አገሩን እንደሚያውቅ፣ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ እንደሚኖር። ደብዳቤው ከሌለ ሱቁም ቤቱም ይቀራል፤ መሄድ ነው።

ንግግሩ ከእኛ አያንስም ነበር፤ ጽሕፈቱ ነው የጎደለው። የማስተምረው እኔ ሆንኩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ባንኮኒው ላይ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ዘርግተን ፊደል ስንቆጥር ከረምን። ወፍራም ጣቶቹ እርሳሱን እንደ መዶሻ ይጨብጡታል። አንድ ገጽ በጨረሰ ቁጥር ከድጃ ከጓዳ ትኩስ ሙሸበክ ታመጣልኛለች፣ ሽሮፑ እስከ ክርኔ ይወርዳል።

«ጋሽ አብዶ፣ ‹ፀሐይ› ብለው ይጻፉ።»

ጽፎ ያሳየኛል። «አየሽ ልጄ፣ አሁን ካባትሽ በለጥኩ» ይላል። እውነቱን ነበር። አባቴ በጣቱ ነበር የሚፈርመው።

ፈተናው የተሰጠው ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀበሌው ከወረሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ገና ጺሙ ያልጠና ወጣት ነው። ከጎኑ ደምሴ የሰፈሩ ተወካይ ሆኖ፣ የዕድሩን መዝገብ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አባቴ ለምስክርነት፣ እኔ አስተማሪው ስለሆንኩ ተጠርተናል። ከድጃና ዘይነባ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

ሊቀመንበሩ ከጋዜጣ አንብቦ አጻፈው። አብዶ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ጻፈ፤ አንድ ፊደል ብቻ ነበር የሳተው። ስለ ተራራ ጠየቁት፤ መለሰ። ስለ ወንዝ ጠየቁት፤ የዓባይን ገባሮች ሲዘረዝር ሊቀመንበሩ ልክ ይሁን አይሁን ስላላወቀ ወደኔ ዞሮ አየ። ራሴን ነቀነቅሁ። በኩራት ልፈነዳ ነበር።

«እንግዲህ የቀረው ማኅበራዊ ኑሮው ነው» አለ ሊቀመንበሩ። ደምሴ መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠው። ያ ጣት እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

«አብዶ ሳልህ የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

አብዶ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «ጋሽ ደምሴ፣ እናትዎን ወንዝ ያሻገረ ማን ነው?»

«ብዙ ሰው ነበረ። የነበረው ሰው ስሙ ተጽፏል። ተሰማ ወልዴ አለ። ተሰማ ሁልጊዜ አለ፣ አንድም ቀን አልቀረም።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «ተሰማ፣ የቆምከው አንተ ነህ ወይስ በስምህ ሌላ ሰው አቁመህ ስታታልለን ኖረሃል? ደንቡን ታውቀዋለህ።»

አባቴ ባርኔጣውን እጁ ላይ ማዞር ጀመረ። አንድ ቃል ቢናገር አብዶ እዚሁ ይቀራል፤ እሱ ግን ከዕድር ይሰረዛል። የአብዶን ኑሮ በአንድ በኩል፣ የራሱን ቀብር በሌላ በኩል መዘነ። ብዙም አልቆየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ራሴ ነኝ የቆምኩት።»

ሊቀመንበሩ ወደኔ አየ። «አንቺስ? ጎረቤት ነሽ፣ ተማሪም ነሽ። ያባትሽ ቃል እውነት ነው?»

ዘይነባ ከበሩ ሆና ዓይኗን አልነቀለችም። እኔ የወለሉን ጣውላ አየሁ። ክፍሉ የእርጥብ ካፖርት ይሸት ነበር።

«እውነት ነው» አልኩ።

አብዶ ሊጮህ፣ ሌላ ምስክር ሊጠራ ይችል ነበር። አባቴን ለረጅም ጊዜ አየው። ምን እንደፈራ ገባው መሰለኝ፤ ስንቱን ሬሳ ስለተሸከመ ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር።

«ተሰማ ልክ ነው» አለ። «እኔ አልነበርኩም።»

እርሳሱን አነሳ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ወጣ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። «ቋንቋውንና አገሩን ያውቃል፤ ከኅብረተሰቡ ጋር ግን አልተቀላቀለም» ይላል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሄዱ። ከድጃ አገሯን ለቅቃ ማንንም ወደማታውቅበት አገር፣ ባሏን ተከትላ። ከመሄዷ በፊት በራችን ላይ ቆመች፤ እናቴ ግቢ ብትላት አልገባችም። «ስንት ሬሳችሁን የተሸከመ ትከሻ፣ አንድ ቃል የሚሸከምለት አጣ» አለች። አባቴ ጓዳ ነበር፣ ሰምቷል። ዘይነባ ልትሰናበተኝ አልመጣችም። ደግ አደረገች።

ሱቁን ማን ያዘው? የደምሴ የሚስቱ ወንድም። ዓመት ሳይሞላው ከጨውና ከክብሪት በቀር የሚሸጥ አልነበረውም። ደምሴ ራሱ ሞልቶ ተርፎት፣ ሸምግሎ፣ ተከብሮ ሞተ። ልጆቹ ዛሬም እዚሁ ሰፈር አሉ፤ ይህን ቢያነቡ ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ።

አባቴ ሲሞት ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቃሬዛውን ለማንሳት ሰው ተሻማ። ያኔም ጸሐፊው ደምሴ ነበር። መቃብሩ አፋፍ ላይ ወረቀት አውጥቶ አነበበ፦ «ሟቹ አቶ ተሰማ ወልዴ በዕድርተኝነት ዘመናቸው ከቀብር ቀርተው አያውቁም።» እያነበበ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ሲሰጠኝ አንድ እፍኝ አፌ ከተትኩ፤ አልወርድ አለኝ። ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ተፋሁት።

ቤዛ ትናንት አለፈች። ከፈተናው ወጥታ ደወለችልኝ፤ እየጮኸች ነው፣ ከኋላዋ የታክሲ ረዳት «አስኮ! አስኮ!» ይላል። እልል አልኩላት። «የካርዱ ጥያቄ መጣ እኮ አክስቴ!» አለችኝ። «ካርድ ብዬ መለስኩ።» ደግ አደረግሽ አልኳት። ምን ልበላት? እነሱ በግልጽ ጽፈው ሰጥተው፣ መልሱን አስጠንተው ነው የሚፈትኑት። እኛ መልሱን እያወቅን ነው የጣልነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጥሩምባው ተነፋ። ከዘነበወርቅ በኩል ያለች አንዲት ሴት ናት፣ ቀረብ ብዬ አላውቃትም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ዕድሩ እንደ ጥንቱ ነው፣ አሁን ሴቱም ስሙ ይጠራል፤ እኔ አላገባሁም፣ የአባቴን ቦታ ወርሼ ነው የምኖረው፣ መዝገቡም ላይ ስሙን የለወጠው የለም። አዲሱ ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነው። ምንም አያውቅም።

«ተሰማ ወልዴ!» አለ።

መንገዱን ሁሉ ዛሬ ዝም እላለሁ፣ ወይም እውነቱን እናገራለሁ እያልኩ ነበር የመጣሁት። ነገር ግን ሰባ ሊሞላኝ ነው፣ ልጅ የለኝም፣ ቤዛም ትሄዳለች።

«አለሁ» አልኩ።