አባ ንጋት እና የግቢያችን ፑል

ልጅ ሳለሁ ውሃ እፈራ ነበር። ላስ ቬጋስ በረሃ ናት ይባላል፤ የእኛ አፓርትመንት ግን መሃሉ ላይ የመዋኛ ፑል ነበረው፤ በሙቀቱ ወራት የግቢው ልጆች ከዚያ አይወጡም። እኔ ብቻ የፑሉ መውረጃ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ትልልቆቹ ልጆች ለጨዋታ ብለው ጥልቁ ውስጥ ወርውረውኝ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ፊቴን ስታጠብ እንኳ ትንፋሼ ይቆረጥ ነበር። እናቴ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ኦቨርታይም ካገኘች አምሽታ ነው የምትመጣው። አባቴ አብሮን አልነበረም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማታ ማታ የሚሰበስቡን ጋሽ ወንድሙ ነበሩ። አገር ቤት ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን መካኒክነት የጨረሱ፣ በዲቪ የመጣች ልጃቸው ያስመጣቻቸው ሽማግሌ ናቸው። ፑሉ ዳር ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ። ፍሙ ሲቀላ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ የውሃው መብራት ፊታቸውን ሰማያዊ ሲያደርገው፣ ያኔ በቆሎውን እያገላበጡ «ሞተር ይነሳ?» ይላሉ። «ይነሳ» ካላልን ወሬ የለም።

ወሬያቸው ሁልጊዜ የአንድ ሰው ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ የአንድ እንግሊዛዊ አብራሪ። ጋሽ ወንድሙን ሞተር ያስተማራቸው ፈረንጅ መካኒክ በወጣትነቱ የዚያን ሰው አውሮፕላን ይጠግን ስለነበር ታሪኩን የሰሙት ከእሱ ነው። የአብራሪውን ስም ግን አንድም ቀን አልነገሩንም። የድሮ ጀግና በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ሁሉ፣ እሳቸውም አውሮፕላኑን እንደ ፈረስ ቆጥረው፣ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ «አባ ንጋት» አሉት። እኔማ ብዙ ጊዜ ሐበሻ ይመስለኝ ነበር።

አባ ንጋት መጀመሪያ ሲያርፍ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ጭቃ ውስጥ ተከለው፤ አለቃው «አንተ በግ ብትጠብቅ ይሻልሃል» አለው። በኋላ ግን የጠላትን አውሮፕላን በላይ በላዩ የሚጥል ሆነ። አንድ ቀን ባሕር ላይ ተመታ፤ እሳቱ እጆቹን በላው፤ በጃንጥላ ወርዶ ውሃ ውስጥ ገባ። ዋና አይችልም። የለበሰው መንሳፈፊያ ይዞት ቆይቶ ዓሣ አጥማጆች አወጡት። ሐኪሞቹ የባሕሩ ጨው ለቃጠሎው እንደበጀው አይተው በየቀኑ ጨው ውሃ ውስጥ ይነክሩት ጀመር፤ እዚያ ተነክሮ ሳለ ከውሃ ጋር ታረቀ። ዋና ተማረ፤ ወደ ሰማይ ተመለሰ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሜዳሊያ ሰኩለት።

«ጋሼ፣ ዋና ሳይችል ነው ባሕር ላይ የሚበረው? አይፈራም?» አልኳቸው።

«ፍርሃቱን ጭኖ ነዋ። ፍርሃት እንደሆነ ቤንዚን አይጨርስ።»

ከሁሉም የምወደው አንድ ልማዱን ነበር። ሌሎቹ ሲያሸንፉ በሜዳው አናት ላይ አውሮፕላናቸውን እየገለበጡ ይጨፍራሉ፤ ጥይት የነካው የመሪ ገመድ ካለ ግን እዚያው ሊበጠስ ይችላል። አባ ንጋት ቀጥ ብሎ ያርፋል። መካኒኩ ክንፉን፣ ጭራውን በእጁ ይዳስሳል። «ጤነኛ ነው» ሲለው ነው አብራሪው ራሱ እንደ ሕፃን ሣር ላይ የሚገለበጠው።

እኛም የፈረስ ስም እንዲያወጡልን ለመንናቸው። «ስም በሥራ ነው» አሉ።

ወርውረውኝ ከነበሩት አንዱ ኤርሚያስ ወደ እኔ ዞረ። «እሱማ ስም አለው፤ አባ ደረጃ!»

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነበር፤ ያ ስም ተከትሎኝ እንደሚገባ አወቅሁ። ጋሽ ወንድሙ አልሳቁም። «የፈረስ ስም የሚያወጣው ሥራውን ያየ ነው» ብለው በቆሏቸውን ገለበጡ።

በማግስቱ «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ዋና አይችሉም ነበር። ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ዘፈቁና ሞተር እንደሚያስነሳ ሰው ያዝዙኝ ጀመር፦ «አፍንጫ ቀና! ጭራህ ወረደ! አየር ሳብ!» መጀመሪያ ደረጃውን ይዤ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ምንም ሳልይዝ።

ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ሁሉም ቆመው እያዩ፣ ጥልቁን አቋረጥኩ። ውሃ ጠጣሁ። መሃል ላይ እግሬ ምንም ሲያጣ ፍርሃቱ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ጭኜው ሄድኩ። እጄ የማዶውን ግድግዳ ሲነካ ኤርሚያስ ራሱ «ሜክ አደረገው፤ ተሻገረ!» ሲል ሰማሁ።

ወጥቼ እጄን ላነሳ ስል ጋሽ ወንድሙ «ቆይ» አሉ። በዙሪያዬ ዞሩ። ክንዶቼን ዳሰሱ፤ ጆሮዬን ሳብ አድርገው አዩ፤ ተረከዜን መታ መታ አደረጉ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

«ጤነኛ ነው። አሁን ተገልበጥ።»

ፀሐይ ባቃጠለው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተገለበጥኩ። ደግሜ ተገለበጥኩ። ስነሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው የፈረስ ስሜን ነገሩኝ። ኤርሚያስ ቢለምነኝም አልነገርኩትም። አባ ደረጃ ብሎ የጠራኝም ከዚያ ወዲያ የለም።

ጋሽ ወንድሙ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ዛሬ ሆስፒታሎቹ ባሉበት ሜዲካል ዲስትሪክት ውስጥ ነርስ ነኝ። ከባድ ሌሊት በደህና ሲያልፍ ጓደኞቼ እጅ ለእጅ ይመታታሉ፤ እኔ መጀመሪያ አልጋ በአልጋ ዞሬ ቼክ አደርጋለሁ። ቀልዴ ይመስላቸዋል።

ልጄም ውሃ ትፈራ ነበር። የፈረስ ስሜን ስትጠይቀኝ «ተሻገሪና እነግርሻለሁ» እላት ነበር። ባለፈው እሁድ ተሻገረች። እያሳለች ወጥታ ልትዘል ስትል «ቆይ» አልኳት፤ ዞሬ ክንዷን ዳሰስኩ፣ ተረከዟን መታ መታ አደረግሁ። ከተገለበጠች በኋላ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

አሁን ሁለት ሆነን እናውቀዋለን።