የሐርቡ ጥንቅሽ ሽሮፕ

ታናሽ ወንድሜ ስኳር ይወድ ነበር። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር። ሻዩን ሲያማስል የማንኪያው ድምፅ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። አሁንም ይሰማኛል። ልብስ እያጠብኩ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ድንገት ከኋላዬ ማንኪያው ብርጭቆውን መታ መታ ያደርገዋል። መጀመሪያ ሰሞን እዞር ነበር። አሁን አልዞርም።

በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሄደ። ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። እናታችን ጎጃም ናት። እኔ ለሥራ ወሎ ስመጣ እሱም እኔን ብሎ ነበር የተከተለኝ። ድምፁ ሲጠፋ ለእመቤታችን ተሳልኩ፤ ድምፁን እስክሰማ ድረስ ስኳር በአፌ አይገባም። ሻይም ቡናም መራራውን እጠጣለሁ።

ይህን ጎረቤቴ ታውቃለች። የሐርቡ ልጅ ናት፤ ሙስሊም ብትሆንም የእኔን ጾም ከእኔ በላይ የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። አንድ ቀን የላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ሐርቡ ያለችው እህቷ የጥንቅሽ አገዳ ጨምቃ፣ እስኪወፍር አፍልታ የሠራችው ሽሮፕ ነው። ቡናማ ነው፤ ሲያዘነብሉት ቀስ እያለ ይወርዳል።

«ስኳሩ እንደሆነ ተወዷል፤ ለጤናም አይሆንም። ይሄ ግን ከአገዳው በቀር ምንም አልገባበትም። ቅመሺው» አለችኝ።

«ስእለት አለብኝ እኮ።»

«የተሳልሽው ለስኳር ነው። ይሄ ስኳር ነው እንዴ? ወይስ እመቤትሽ ጥንቅሽም ትቆጥራለች?»

ሳቄ መጣ። እጄን ግን አልዘረጋሁም።

«ወላሂ፣ አንቺን ከማስቀመስ ግድግዳ ማስቀመስ ይቀላል!» ብላ ጠርሙሱን ቁም ሣጥኑ ላይ ትታልኝ ወጣች።

ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። እውነቷን ነው፣ ስኳር አይደለም። ግን ከስእለቱ መውጫ መፈለግ የጀመርኩት መጠበቅ ሰልችቶኝ ቢሆንስ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ጥንቅሹ አይከለክልሽም፤ ቅመሺ» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የወንድምሽ የክርስትና ስም ማን ነበር?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«በጸሎት ከሕያዋን ጋር ላስበው፣ ወይስ...»

«ከሕያዋን ጋር፣ አባቴ!»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ደጀ ሰላሙ ላይ የቆሙ ሴቶች ዞረው አዩኝ።

«እሺ ልጄ፣ ከሕያዋን ጋር» አሉ። ሲሉ ግን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም።

ቤት ገብቼ ጠርሙሱን አነሳሁት። ተፈቅዶልኛል። ብቀምሰው ግን አባቴ ሳይጨርሱ ለተዉት «ወይስ» እሺ ያልኩ መሰለኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀን እናቴ ደውላ እንደ ልማዷ «ደወለ?» ስትለኝ፣ «ኔትወርኩ ነው እማ፣ ይደውላል» አልኳት።

ጠርሙሱ እዚያው ከረመ። እያደር ሆዱ ተነፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጥታ አየችውና ክዳኑን ስትከፍተው ፍስስ አለ። አሸተተችው።

«ይኸው! ስትጠብቂው፣ ስትጠብቂው ጠጅ ሆነልሽ። አሁንማ ለእኔም ሐራም ነው» ብላ ልትደፋው ተነሳች።

እጇን ያዝኳት። ክዳኑ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ምላሴን ያዘው፤ እንደ መራራው ቡናዬ ጣፋጭነት የሚባል ነገር አልቀረውም።

«አሁን ነው የሚቀመሰው?» አለች ደንግጣ። ቆይታ ደግሞ፣ «እንዴት ነው?»

«ኮምጧል።»

«እኔ ሳመጣልሽ እኮ ጣፋጭ ነበር።»

ክዳኑን ደግሜ ሞላሁት።