ከወረዳው መኪና የወረድኩ ዕለት

ዳኝነት ያስተማሩኝ ሽማግሌ ዳኛ አንድ ነገር ያዘወትሩ ነበር፦ «ዳኛ ዝናብ ይምታው እንጂ ከባለጉዳይ ጃንጥላ ሥር አይግባ።» ሠርግ አይሄዱም፤ ምሳቸውንም ብቻቸውን ነበር የሚበሉት። እኛ ወጣቶቹ «ኩራተኛ» እያልን እናማቸው ነበር። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

የምሠራው ምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ የምኖረው አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ነው። ፍርድ ቤታችን መኪና ስለሌለው በሚኒባስ ተጋፍቼ እመላለሳለሁ። አንድ ጠዋት ዶፍ ወረደና ሚኒባስ ጠፋ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ስበሰብስ የወረዳው አስተዳዳሪ መኪና አጠገቤ ቆመች።

«ዳኛ፣ ግባ እንጂ! ምን ዝናብ ያስመታሃል?» አለኝ አስተዳዳሪው።

የእሱ መሥሪያ ቤት እኔ ዘንድ ተከሳሽ ነው። ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት፣ የሙዝ ማሳዬን ነጥቆ ለባለሀብት ሰጠብኝ ብለው ከሰውታል። ይህን እያወቅሁ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናብ ብቻ አወራን። ስለ መዝገቡ አንድ ቃል አልተነሣም፤ ዛሬም እምላለሁ፣ ግን ማን ያምነኛል?

ፍርድ ቤቱ በር ላይ አወረደኝ። እኚያ እናት ፌስታል ራሳቸው ላይ ደፍተው አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። እንደ ወትሮው ለሰላምታ አልተነሡም።

ያን ጊዜ ፍርዱን ከጻፍኩት ሰንብቼ ነበር፤ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎ ቀጠሮውን ይጠብቅ ነበር። ማሳው ይመለስላቸው ይላል። በቀጠሮው ቀን ግን እናትየዋ ክሱን ትቻለሁ የሚል፣ በጣት አሻራቸው የፈረሙበት ማመልከቻ ይዘው ቀረቡ።

«ያስገደደዎት ሰው አለ?» አልኳቸው በአስተርጓሚ በኩል።

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ይተዉታል?»

አስተርጓሚውን ሳይጠብቁ በአማርኛ መለሱልኝ። «ዳኛዬ፣ እኔ መኪና የለኝም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እናቴ፣ ፈርጄልዎታለሁ እኮ» ልላቸው ምላሴ ላይ ደረሰ። ያልተነበበ ፍርድ ለአንድ ወገን መንገር ግን ክልክል ነው። መኪናዋ ውስጥ የረሳሁት ሕግ ያን ሰዓት ትዝ አለኝ! ያስቡበት ብዬ ሌላ ቀጠሮ ልሰጣቸው ብሞክር «እስከ መቼ ልመላለስ?» አሉኝ። «ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይባላል፤ እሳቸው ሲወጡ የተቆጩ እንኳ አይመስሉም። ደክሟቸው ነበር።

«ከሳሽ በገዛ ፈቃዳቸው ክሱን ስላነሡ መዝገቡ ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልደወለልኝም፤ ማንም አላስፈራራኝም። ያን ውሸት በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አሁን ዝናብ ሲሆን እየበሰበስኩ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ማሳቸው መንገድ ዳር ነው። የባለሀብቱ አጥር ጋ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞራለሁ።