ተናዙል ያልኩት ወረቀት

ፖሊሶች ሳባህ አል-ሳሌም ከሚባለው የኩዌት ሰፈር፣ ከማዳም እህት ቤት የወሰዱኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። እዚያ እንድሠራ የላከችኝ ማዳም ራሷ ነበረች፤ ከእህቷ ጋር ሲጣሉ ግን ጠፍታብኛለች ብላ ከሰሰችኝ። ይህን ለአንድ ዳኛ ብናገር በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ በረኪና ይሸታል። ኤሲው ስለማይጠፋ በዚያ ሁሉ የኩዌት ሙቀት መሐል እየተንቀጠቀጥን እንውላለን። ስምንት ነበርን፤ ሁላችንም የአገር ልጆች። ስድስት ዓመት በጆሮዬ የለቃቀምኩት አረብኛ ከሁሉም ስለሚሻል አስተርጓሚነቱ የእኔ ሆነ። ትንሽ ሳልኮራበት አልቀረሁም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ፖሊስ ወረቀቶችና የጣት ቀለም ይዛ ገባች። «ተናዙል» አለች። በእኛ በቤት ሠራተኞች አፍ ተናዙል ማለት ማዳም ለሌላ ቤት ስትለቅሽ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አናውቅም። ሊለቁን ነው፣ አትሙ አልኳቸው። ስድስቱ እኔን አምነው አተሙ። እኔም አተምኩ።

ስምንተኛዋ የወሎ ሴት ነበረች። ቤት ውስጥ የሚነገረውን አረብኛ ብዙም አትችልም፤ ግን በልጅነቷ አባቷ ዘንድ ኪታብ ቀርታ የአረብኛ ጽሑፍ ማንበብ ተምራለች። ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና ሳታትም መለሰችው። ፖሊሷ ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብቴን ትቻለሁ ነው የሚለው።»

«ተናዙል አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ተናዙል መተው ነው። አንቺ የለመድሽው ማዳም ስትተውሽ ነው፤ እዚህ ላይ የተውሽው አንቺ ነሽ።»

በጣም አፈርኩ። ሴቶቹ ሻንጣቸውን ማን እንደሚያመጣላቸው እያወሩ ይሳሳቁ ነበር፤ ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ተነሥቼ እንዳሳሳትኳቸው ነገርኳቸው። በዕድሜ ከሁላችን የምታንሰው ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አገር እስክንገባ አላናገረችኝም።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሷን ወረቀትና እስክሪብቶ ለምኜ ተቀበልኩ። የወሎዋ ሴት በአረብኛ ጻፈችልን፦ ያተምነው ሳይገባን ነው፤ ዳኛ እንፈልጋለን። በዚህኛው ላይ ጣት አላተምንም። እያንዳንዳችን ስማችንን በአማርኛ፣ በራሳችን እጅ ጻፍን። ያኮረፈችኝ ልጅም መጥታ ጻፈች።

ፖሊሷ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። በሳምንቱ ዳኛ ሳናይ ሰባታችንን ወደ አውሮፕላን ወሰዱን። የወሎዋ ሴት ቀረች፤ ዳኛ ፊት ትቅረብ አትቅረብ እስካሁን አልሰማሁም።

አሁንም ያ ነገር ያንገበግበኛል። ዳኛው ጥፋተኛ ነሽ ቢለኝ እንኳ ቃሌን ከሰማ በኋላ ይሆን ነበር። በቀደም አንዲት ጎረቤቴ እንደምንም ደፍራ፣ ከኩዌት የመጣሽው ተፈርዶብሽ ነው ወይ አለችኝ።

«ምነው በተፈረደብኝ» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።