ሐኪም ጋራ ግርጌ ያስቀመጥኩት መናኸሪያ

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት፣ ራሴ ካርታ ላይ ያስቀመጥኩትን አንድ ነጥብ በእግሬ ልረግጥ ነው። የምሠራው የከተማ ፕላን በሚያዘጋጅ አማካሪ ቢሮ ውስጥ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ባለው መንገድ ዳር ገበያው የት ይሁን፣ መኖሪያው የት፣ መናኸሪያው የት የሚለውን፣ መንገዱንና መሬቱን አንድ ላይ አይተን እንድናቅድ ተሰጥቶናል። እኔ አዲሱን የሐረር መናኸሪያ ሐኪም ጋራ ግርጌ አስቀመጥኩት። ለአለቃዬ ያቀረብኩት ምክንያት ሰፊ ክፍት መሬት አለ የሚል ነው። «ከመጽደቁ በፊት ሄደህ እየው» አለኝ።

አልዋሸሁም፤ መሬቱ ክፍት ነው። ያልተናገርኩት የአባቴ ቤት አጠገቡ መሆኑን ነው። ከሐረር ከወጣሁ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ናፍቆቴ ውሃ ቢሆን ኖሮ የሐረማያ ሐይቅ አይደርቅም ነበር፤ እንዲያውም እስከ ጅቡቲ በጀልባ ይኬድ ነበር። ጡረታ ስወጣ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ጫማዬ አቧራ ሳይነካው ደጄ መግባት ነበር ሐሳቤ።

ማክሰኞ፣ ወደ ላይ

ድሬዳዋ አድሬ ጧት ሚኒባስ ያዝኩ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላ ቀረ። መንገዱ ከመጠምዘዙ የተነሳ አንዱ ኩርባ ላይ የራሴን ማጅራት ያየሁ መሰለኝ። ሐረማያ ላይ ስድስት ሴቶች የድንችና የካሮት ማዳበሪያቸውን ጣሪያ ላይ አስጭነው ገቡ። አጠገቤ የተቀመጡት አዴ ፋጡማ ይባላሉ፤ ከስድሳ ያለፉ ድንች አምራች ናቸው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው ገበያ፣ በጊደር መጋላ፣ ሊሸጡ ነው። ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

የኔን አፍ ማን ይዘጋዋል! ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት።

«አዲሱ መናኸሪያ እዚህ ነው፣ ሐኪም ጋራ ሥር። እንኳን አውቶቡስ፣ አውሮፕላን ያሳርፋል!»

«እኛስ?»

«እርስዎም እዚያ ይወርዳሉ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ጀጎል።»

«ባጃጅ ስንት ሰው ይይዛል?»

«ሦስት። ከነማዳበሪያው ግን ሁለት።»

ወደ ሴቶቹ ዞረው በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ።

«አቦ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ድንች ሸጠህ ታውቃለህ?»

«በልቼ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ማዳበሪያ እሰጥሃለሁ። ነገም እንመጣለን። አንተ ከሐኪም ጋራ ና፣ እኛ ከድሮው መናኸሪያ እንመጣለን። አንድ ሰዓት ላይ የጀጎል በር ጋ፣ ግንቡ ሥር እንገናኝ። ያኔ ካርታህን እናየዋለን።»

ሃምሳ ዓመት ሞልቶኛል። ልጅ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷልና ተስማማሁ።

ሐኪም ጋራ

የአባቴን ቤት ለመክፈት ከቁልፉ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ተከራዩ ከወጣ ወዲህ ማንም አልገባበትም። በናፍቆቴ ውስጥ ይህ ቤት በየዓመቱ አንድ ፎቅ ሲጨምር ኖሮ፣ ያገኘሁት ሁለት ክፍልና አንድ የጊሽጣ ዛፍ ነው። ከደጁ ላይ ጀጎል ከነግንቧና ከነሚናሬቶቿ ቁልጭ ብላ ትታያለች። የመግሪብ አዛን ከአንዱ መስጊድ ተነስቶ ወደ ሌላው ሲሻገር ቆሜ ሰማሁ። አጥር ግቢው ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ «መጣሁ!» አልኩ። መጣህ ወይ የሚለኝ ግን አልነበረም።

ረቡዕ፣ ወደ በሩ

ማለዳ ማዳበሪያዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ወረድኩ። ባጃጁ ከተማውን ዞሮ ዞሮ፣ ፌርማታው እዚህ ነው ብሎ ከግንቡ አርቆ ጣለኝ። እግሬ መሬት ሳይነካ አንድ ደላላ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ፊቱ በራ። ድንቹን እያገላበጠ ዝናብ ነክቶታል አለ፤ ገበያው ወድቋል፣ ሌሎቹ ሸጠው ሄደዋል አለ። በግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት። እንዲያውም እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት።

ግንቡ ሥር ስደርስ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ስድስቱም ሴቶች ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው አልገባችሁም?»

«ሁሉም ሳይደርስ አንገባም» አሉ አዴ ፋጡማ። «አንዷ ቀድማ ብቻዋን ከገባች ደላላው ዋጋዋን ይሰብራል። የሷ ዋጋ ደግሞ የሁላችን ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ አርፈን ራሳችንን እንቆጥራለን። ዛሬ ስንቆጥር አንድ ጎደለ።»

«ማን ጎደለ?»

«አንተ ነሃ!»

አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ደህናው ገዢ እያለፋቸው፣ እኔን ጠበቁ። ቀልዴን ተውኩት። ድንቹን መሸጤንና የሸጥኩበትን ዋጋ ነገርኳቸው። ሳቁ። ወዲያው ግን ያ ደላላ ከበሩ ብቅ ብሎ «ድንች ዛሬ በዚህ ነው የተሸጠው!» ብሎ የኔኑ ዋጋ ሲጠራ ሳቁ ቆመ።

«ወላሂ» አሉ አዴ ፋጡማ፣ «መናኸሪያህ ገና ሳይሠራ አከሰረን።»

ልዩነቱን እኔ ልክፈል ብል ተቆጡ። «ብርህን ያዝ። ነጥቧን አንሳት።»

አብሬያቸው ገባሁ። የአንዷን ማዳበሪያ ተሸክሜ፣ በጠባቡ መንገድ በድንጋይ አጥሮቹ መሐል፣ ወገቤ ለሁለት ተቆርጦ እንደገና እየተሰፋ ጊደር መጋላ ደረስን። በሙሉ ዋጋ ባይሆንም፣ ስድስቱም አንድ ላይ ተከራክረው ደላላው ከጠራው ከፍ አደረጉት።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ሐሙስ ማታ ቤቴ ገባሁ። ዓርብ ጧት ነጥቡን ከሐኪም ጋራ አንስቼ ወደ በሩ፣ አሁን ያለው መናኸሪያ አጠገብ መለስኩት። ግንቡን ሳይነካ ሸክም የሚያወርዱበትና የሚጠባበቁበት ጥላ ያለው ማረፊያም ጨመርኩ። አለቃዬ ክፍት መሬቱን ለምን እንደተውኩት ጠየቀኝ።

«መጀመሪያ እዚያ ያስቀመጥኩት ቤቴ ስለናፈቀኝ ነው» አልኩት።

ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት የቀለድኩበትን ዋጋ እዚያው ከፈልኩ።

ከጉዞው የተማርኩት ይኸው ነው፤ መኪናው ያወረደው ሰው ከዚያ ወዴት እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደሚሄድ ሳይጠየቅ መንገዱም መሬቱም አይታቀድም። ለኔ የተረፈኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የያዝኩትን አቆማለሁ። አሁን ግንቡ ሥር ራሳቸውን እየቆጠሩ ነው እላለሁ። እኔን አይቆጥሩኝም። ስለማይቆጥሩኝ ቁጥራቸው ቶሎ ይሞላል፤ በጊዜ ይገባሉ። ደግ ነው። እንዲህ እያልኩም፣ እስኪገቡ ድረስ እጠብቃለሁ።