ፍላሽሽን ከዚህ አርቂ

እኛ ቤት ያለችው አሮጌ ዴስክቶፕ በዚያ ክረምት በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ትሞትብን ነበር። መጀመሪያ ሰማያዊ ስክሪን፣ ከዚያ ጥቁር። ዲስኳን መርምራ ስትነሳ ደግሞ አንዱ ፋይል አልከፈትም ይላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሐና ማርያም ሰፈር ካለው ቤታችን የምውለው እኔ ስለነበርኩ ራሴን የኮምፒውተር ባለሙያ አድርጌ ሾምኩ። ፎርማት አደረግኳት። በሁለት ሳምንቷ ያው ሆነች።

ከወሊሶ የመጣች የአክስቴ ልጅ አብራን ትኖራለች። ቀን ጎፋ ፋርማሲ ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው እሁድ እሁድ በእኛ ኮምፒውተር ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ሳለ አንድ እሁድ ፋይሉ አልከፈት አላት። ፍላሿ ላይ የነበረው ደግሞ ግማሹ ብቻ። ማስረከቢያው አንድ ወር ቀርቶታል።

ማዘን አልመጣልኝም። የመጣልኝ ጥፋተኛ መፈለግ ነው።

"ፍላሽሽ ነው!" አልኳት፣ እናቴ ፊት። "የኮሌጁን ቫይረስ ሁሉ ለቅመሽ እዚህ ትዘሪያለሽ። ፍላሽሽን ከዚህ አርቂ!"

"እኔ እኮ መጀመሪያ ስካን አደርገዋለሁ..."

"ስካን ማድረግ ብታውቂ እዚህ እንደርስ ነበር?"

 በማግስቱ እናቴ ኮምፒውተሯን በጨርቅ ሸፍና፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካት አዘዘች። የአክስቴ ልጅ እሁድ እሁድ ጎፋ ኢንተርኔት ቤት እየሄደች ከደብተሯ ላይ እንደገና መጻፍ ጀመረች።

ኮምፒውተሯ መሞቷን አልተወችም። "ቫይረሱ ሥር ሰዷል" አልኩ። አላፈርኩም።

በመጨረሻ ሳጥኗን ታቅፌ በታክሲ መካኒሳ ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "እንዴት ነው የምታጠፏት?" አለኝ።

"በሥርዓቱ ነዋ።"

"እሷ እንደዚያ አትልም፣ እህቴ። ማስታወሻ ትይዛለች።" ስክሪኑን አዞረልኝ። በድንገት የጠፋችበት ቀንና ሰዓት ተደርድሯል። "ዲስኳ ጤነኛ ነው። እየሠራች ሳለ መብራት ይቋረጥባታል። ያኔ የፋይሎቹ መዝገብ ይምታታል፤ ያልነካችሁትም አብሮ ይበላሻል። ሰፈራችሁ መብራት እንዲህ ይሄዳል?"

እንዲህስ አይሄድም። ከአጥራችን ማዶ ብረታ ብረት ቤት አለ፤ ብየዳ ሲጀምሩ አምፖላችን ይደበዝዛል። የጎረቤታችን ፍሪጅ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከተቃጠለ ወዲህ የቤታችን ሕግ አንድ ነው፦ አምፖል ከተርገበገበ ንቀል። እኔ ደግሞ እጄ ፈጣን ነው። ኮምፒውተሯን ሳላጠፋ የተሰካችበትን ዲቫይደር ከግድግዳ መንጭቄ "አዳንኳት!" እያልኩ እናቴ ላይ ስኩራራ ነው የከረምኩት። ስክሪኑ ላይ የነበሩት ሰዓቶች ሁሉ የሥራ ቀን ረፋድ ናቸው፤ የአክስቴ ልጅ ፋርማሲ ቆማ መድኃኒት የምትሰጥበት ሰዓት።

"አዎ፣ ይሄዳል" አልኩት።

ቤት ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። ሳጥኑን ተቀበለችኝ። "ከእኔ ፍላሽ ነው አይደል? በናትሽ ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር።"

"ተሠርታለች" ብያት ገባሁ። ይቅርታዋን ዝም ብዬ ተቀበልኩ እኮ! ዛሬም ሳስበው ምድር ብትውጠኝ እላለሁ።

ሦስት ቀን ታፍኜ ዋልኩ። በአራተኛው ነጭ ጋውኗን ስታጥብ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የሰደብሽኝ እቴቴ ፊት ነው። ለእሷ ንገሪያት። አሁን፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ።"

እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ።

"እና 'አዳንኳት' ስትዪኝ የከረምሽው?"

"ስገድላት ነበር።"

እናቴ እኔን አላየችኝም። "ልጄ፣ እኔም አምኛት ነበር" አለቻት።

"አውቃለሁ፣ እቴቴ። ጨርቁን አይቻለሁ።"

የአክስቴ ልጅ ወደ ቤቱ ኮምፒውተር መመለስ አልፈለገችም፤ እሁድ አብሬሽ ልሂድና ልጻፍልሽ አልኳት። "እጅሽን አላምነውም" አለችኝ። "ማንበብ ግን ትችያለሽ።"

ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ደብተሯን ይዤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብላታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። በየአረፍተ ነገሩ ሴቭ ታደርጋለች። ዞራ አታየኝም፤ ሴቭ ባደረገች ቁጥር ግን ፊቴ ይቃጠላል። አንገቴን ደፍቼ ቀጣዩን አነባለሁ።