የጥሩብርሃን ቸርኬ

በዚያ በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ ጥሩብርሃንን የማያውቅ ሰው፣ ወይ ልብስ ለብሶ አያውቅም ወይ ከተማዋ ከገባ ገና አላደረም። የልብስ ስፌት ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበረች። የተማሪውን ዩኒፎርም፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ካኪ፣ የሙሽራውን ሱሪ የሚሰፉት እሷ የምታዛቸው ሴቶች ናቸው። ድምጿ ወፍራም፣ ቁጣዋ ቅርብ፣ ልቧ ግን የዋህ ነበር። አንድ ነገር ትክክል ነው ብላ ካመነች ጥማድ በሬ ቢጎትታትም ንቅንቅ አትልም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ቀን የሥራ ቦታ ደህንነት የሚቆጣጠር ሰው ከአርባ ምንጭ መጣ፤ ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ። ቤቱን ዞሮ አየና ራሱን ያዘ። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ፤ ከመሐል ደግሞ የከሰል ካውያ ይዞ የሚተኩስ ሰው።

«ጓድ ጥሩብርሃን፣ ይህ ቤት እኮ ክብሪት የሚጠብቅ ጭራሮ ነው!» አላት።

ጥሩብርሃን ዞር ብላ ሴቶቹን አየቻቸው። እነዚያን ሁሉ ሴቶች ጭራሮ ላይ አስቀምጣ ኖራለች ማለት ነው። በባልዲ አሸዋ አስቀምጡ አላት፣ አስቀመጠች። የማስጠንቀቂያ ደወል ይኑራችሁ አላት፤ ከጋራዥ የተጣለ የመኪና ቸርኬ ለምና ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ አንጠለጠለች። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ነገራት፦ አደጋ ሲነሣ ማንም ኡኡ እንዳይል። ኡኡታ ሰው ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው እርስ በርሱ ይረጋገጣል፤ ደወል ግን ሥርዓት አለው። ጥሩብርሃን ይህን ትምህርት እንደ ዳዊት ደገመችው።

ልምምድም አደረጉ። ቸርኬው ሲመታ ሴቶቹ በተርታ ወጡ፣ ጎረቤቱ ውሃ ይዞ ከተፍ አለ። ከማዶ ሻይ የምትሸጠው ውባየሁ ጀሪካን ተሸክማ እየሳቀች መጣችና «እሳቱስ የታለ? ደክሜ የመጣሁበትን!» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ወልደ ጊዮርጊስ አጨብጭቦ ሄደ።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ከአፈሳው በፊት ነው። ቀበሌውም ሰው የሚጠራው በቸርኬ ነበር። አንድ ጠዋት ስብሰባ ነው ተብሎ ቸርኬ ተመታ፤ አምኖ የመጣው ወጣት በመኪና ተጭኖ ወደ ጦር ሜዳ ሄደ፣ ወሬውም በዚያው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ብረት ኳ ባለ ቁጥር መሮጥ የሚችል ወደ ነሪ ወንዝ ይሮጣል፣ እናት ልጇን ወደ ጓዳ ትከታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ጥሩብርሃን ይህን አታውቅም እንዳይባል ታውቃለች። የማኅበሩን ካውያ ተኳሽ፣ ከገዘር ከተማ የመጣውን ተገኝን፣ በዚያ ጠዋት ያተረፈችው ራሷ ናት። ግምጃ ቤት አስገብታ የካኪ ጣቃ ከምራበት ፈላጊዎቹን በደረቅ ዓይኗ «የለም» ብላ መለሰቻቸው። ተገኝ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ያገባውም ገና በዚያ ዓመት ነበር። ነገር ግን በእሷ ሐሳብ የቀበሌው ቸርኬ የቀበሌ ነው፣ የእሷ ቸርኬ ደግሞ የእሳት። ለሚሰማው ሰው ግን ብረት ሁሉ አንድ መሆኑን ማን ይንገራት?

እሳቱ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ተገኝ ካውያውን አሳርፎ ክር ሊያመጣ ግምጃ ቤት ገባ። በመስኮት የገባ ነፋስ ከካውያው ፍም አፈናጠረና ቁርጥራጩ ጨርቅ ላይ ጣለው። ሐና የምትባለው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ነበልባሉ ኮርኒሱ ጋ ሊደርስ ተንጠራርቷል።

«እትዬ! እትዬ ጥሩብርሃን!»

ጥሩብርሃን አልጮኸችም። እንደተማረችው ወደ ግቢ ወጣችና ቸርኬውን መታችው። ሴቶቹም እንደተለማመዱት በተርታ ወጡ። እስከዚህ ድረስ ወልደ ጊዮርጊስ ቢኖር ዳግም ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየችውን ግን ማመን አቃታት። የሰፈሩ በር አንድ በአንድ ጓ እያለ ተዘጋ። ጎረምሶች አጥር ዘለው ወደ ነሪ ተፈተለኩ። ውባየሁ ልጇን በክንዱ ይዛ እየጎተተች ወደ ቤት ስትሮጥ አየቻት። ጀሪካን የያዘ አንድም ሰው የለም። «ምን ነካቸው? ጢሱ አይታያቸውም?» ብላ ይበልጥ መታችው። በመታች ቁጥር መንደሩ ጭር አለ።

«እትዬ፣ ተገኝ አልወጣም!» አለች ሐና።

«ሮጦ ይሆናላ...» ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ ወደ ግምጃ ቤቱ መስኮት ሄደ። ጢስ በሚወጣበት መስኮት አንድ እጅ ብቅ አለ። የሰው እጅ። መከለያውን ስቦ ዘጋውና ተመልሶ ገባ።

ጥሩብርሃን ክው አለች። ተገኝ እየተደበቀ ነው። ከእሳቱ አይደለም፤ ከእሷ ቸርኬ ነው። ውጣ ብላ በመታች ቁጥር ግባ ትለው ኖሯል! መምቻው ብረት ከእጇ ወደቀ። ሥርዓቱም፣ ትምህርቱም አብረውት ወደቁ።

«ኡ! ኡ! ኡኡኡ! የሰው ያለህ! አፈሳ አይደለም፣ እሳት ነው! የሰው ያለህ!»

ያን ጊዜ በሮቹ ተከፈቱ። ኡኡታን ማን ያጣዋል? ኡኡ የሚለው የተጠቃ ሰው ነው፤ ቀበሌ ኡኡ ብሎ አያውቅም። ውባየሁ ሻይ የምታፈላበትን ውሃ እንዳለ ይዛ መጣች፣ ሌላውም በባልዲ፣ በገንቦ፣ በእጁ የገባውን ይዞ ጎረፈ። ጥሩብርሃን ነጠላዋን ውሃ ነክራ ፊቷ ላይ ጠመጠመችና ከሐና ጋር የግምጃ ቤቱን በር በትከሻ ገጩት። ከውስጥ ተደግፏል። ደግመው ገጩት። ሲሰበር ጢሱ እንደ ጎርፍ ወጣ። የካኪውን ጣቃ እያነሣች ወደ ኋላዋ ወረወረች፤ ጫፉ ይነዳል፣ ጣቷን ይፈጀዋል። ከሁሉ በታች ተገኝ ጉልበቱን አቅፎ ተኮራምቷል። ከበላዩ የሚነደውን ጣቃ በባዶ እጁ ይዞታል፤ እንዳይወድቅና እንዳያጋልጠው።

እየጎተቱ ግቢ አወጡት። መዳፉ ተልጧል። ሲያስል ቆየና ትንፋሹ ሲመለስ ጥሩብርሃን ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ቁጣም ነው፣ ልቅሶም ነው።

«አንተ! እሳቱ አልታየህም? ጢሱ አልሸተተህም?»

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር?»

ተገኝ በመጀመሪያ ግቢውን በዓይኑ ዞረ፣ ወታደር መኖር አለመኖሩን ለማየት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት።

«ከእሳት የተረፈ ሰው አውቃለሁ፤ እነሱ ከወሰዱት ግን የተመለሰ እስካሁን አላየሁም።»

ባልዲ የያዘው ሰው ሁሉ ባልዲውን እንደያዘ ቆመ። ወደ ነሪ ከሮጡት ጎረምሶች ገና አንዱም አልተመለሰም ነበር።